ከጩኸቷ የምትቀድመው ጭልፊት

ተረት ተረት፤ የሐይቅ ዳር መሬት።

በአንድ ሐይቅ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ አዞና ጉማሬ «ውሃው የእኔ ነው» ተባብለው ተቃቅረው ነበር። አዞው አንዲት ጭልፊት ለውጊያ አሠለጠነ። ጉማሬውም ይህን ሲሰማ የራሱን አሠለጠነ።

አዞው በመካከላቸው እየተመላለሰች የምታሸማግለውን ኤሊ ጠርቶ፣ «እሜቴ፣ ይቺ ጭልፊቴ ከገዛ ጩኸቷ ቀድማ ትደርሳለች። ከእንግዲህ ማን ይደፍረኛል?» አላት።

ኤሊም፣ «ጌታዬ፣ የራሷን ጩኸት ከቀደመች፣ ተመለሺ ቢሏት የእርስዎ ጩኸት ይደርስባታል?» አለችው።

አዞው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ጀግና ተመለሺ ብሎ አያውቅም!» አላት። ኤሊም ወደ ማዶ መዋኘት ጀመረች።

ሐይቁ መሐል ስትደርስ፣ ማዶ ፀሐይ ሲሞቅ የነበረው ጉማሬ አፉን በሰፊው ከፈተ። አዞው፣ «ሊመጣብኝ ነው!» ብሎ ጭልፊቱን ለቀቀ። ጉማሬው ግን ሲያዛጋ ኖሮ አፉን ገጥሞ ጋደም አለ።

አዞው ደንግጦ፣ «ተመለሺ!» ብሎ ጮኸ።

ጩኸቱ ሐይቁ መሐል ኤሊዋ ጆሮ ገባ። ያን ጊዜ ግን ጉማሬው ተመትቶ የራሱን ለቅቆ፣ የሱም ጭልፊት በኤሊዋ አናት ላይ ወደ አዞው አልፋ ነበር።

ተረቴን እንኳ መልሱልኝ።