ወፎቹ ያዩትን ለማን ነገሩ

አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ዘግይቶ አውሬው ሁሉ ከአንድ ኩሬ በሚጠጣበት በጋ፣ በአንድ የቆላ ሸለቆ ውስጥ ክፉ ሳል ገባ። መጀመሪያ ድኩላን ያዘው። ሲያስል የሰሙት ሁሉ አቧራ ነው ብለው አለፉት። ድኩላ በሞተ ማግስት አብራው ትግጥ የነበረችው ሚዳቋ ማሳል ጀመረች፤ ከእሷ ጋር ጥላ የተጋራው ጃርትም ተከተለ። ሳሉ ጉሮሮ ያሳብጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ከዚያ እግር ይከዳል። ግልገሎችን ሲይዝማ ጊዜም አይሰጥም ነበር።

የሸለቆው ንጉሥ አያ አንበሶ አውሬዎቹን በትልቁ ሾላ ሥር ሰበሰበና መድኃኒት አዋቂውን ኤሊ ምን እንደሚሻል ጠየቀው። አባ ኤሊ ዕድሜ የጠገበ፣ ቃሉ የሚከበር ሽማግሌ ነበር። ለዚህ ሳል የሚሆን ቅጠልም ሥርም እንደሌለው ሳይደብቅ ተናገረ። ሳሉ የሚጋባው በትንፋሽ ስለሆነ፣ የታመመ በተገኘ ቁጥር ከእሱ ጋር የዋሉትን ለይቶ ጨረቃ እስክትለወጥ ከየቤታቸው እንዳይወጡ ማድረግ ብቻ ነው መላው አለ።

«ችግሩ» አለ ኤሊ፣ «ጉሮሮው ያበጠ አውሬ ከማን ጋር እንደዋለ መናገር አይችልም። ቢችልም ሁሉንም አያስታውስም።»

ያን ጊዜ የንጉሡ አማካሪ ቀበሮ ብድግ አለ። መዥገር ለቃሚ ወፎች ቀኑን ሙሉ በየአውሬው ጀርባ ላይ እንደሚውሉ፣ ማን ከማን ጋር እንደጠጣና ማን የት እንደተኛ ከእነሱ የሚሰወር ነገር እንደሌለ አስረዳ። ስለዚህ እያንዳንዱ አውሬ አንዲት ወፍ ይሸከም፤ ወፎቹም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሾላው ሥር መጥተው ያዩትን ይናገሩ ሲል ሐሳብ አቀረበ።

አውሬዎቹ አጉረመረሙ። ከርከሮ የሚተኛበትን ቦታ ለገዛ ወንድሙ እንኳ ነግሮ እንደማያውቅ ተናገረ። ጥንቸል ደግሞ ጉድጓዴን ያወቀ ሁሉ ሊበላኝ እንጂ ሊጠይቀኝ መጥቶ አያውቅም አለች።

አንበሳ ይህን ሰምቶ ተነሣ። ወፎቹ የሚናገሩት ለኤሊ ብቻ፣ እሱም ስለ ሳሉ ብቻ እንደሚሆን፣ ሳሉ ሲጠፋም ሁሉም ነገር እንደሚረሳ ቃል ገባ።

«ይህን ቃሌን ባፈርስ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ» አለ።

መሐላው ከባድ ነበር፤ አውሬዎቹ ግን አሁንም መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ከመካከላቸው አህያ ብቻ ወደ ፊት ወጣች። አህያ ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ ውርንጭላ ወልዳ፣ ማንም በማያውቀው ቦታ ሸሽጋ ታሳድግ ነበር። ሌሎቹ ይህን ያውቁ ስለነበር ስትናገር አዳመጧት።

«እኔ ልጅ አለኝ» አለች። «ሳሉ የማንን ልጅ እንደሚመርጥ አላውቅም። ንጉሡ ከማሉ እኔ እሸከማለሁ።»

ጀርባዋን ዝቅ አደረገች፤ አንዲት ወፍም መጥታ ተቀመጠችባት። እሷን አይቶ ጎሽ ተሸከመ፤ ጥንቸል ተሸከመች፤ ከርከሮም እያጉረመረመ ተሸከመ።

ነገሩም ሠራ። አንዲት ሚዳቋ ባሳለች ጊዜ አብረዋት የጠጡት በዕለቱ ታወቁና ከየቤታቸው እንዳይወጡ ተነገራቸው፤ ሳሉም ከእነሱ ሳያልፍ ቀረ። ሁሉም አህያን አመሰገናት።

ይሁን እንጂ አባ ኤሊ እግሩ ከባድ ነው። የታመሙትን ሲያይ ውሎ ወፎቹ ሳይበተኑ ከሾላው መድረስ አቃተው። ቀበሮም እኔ ሰምቼ አቀብልሃለሁ አለው። ኤሊ ሐሳቡን አልወደደውም፤ ነገር ግን በሽተኞቹን ትቶ መሄድ አልሆነለትም፤ ንጉሡም ፈቀደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወፎቹ ወሬ ሁሉ መጀመሪያ የሚገባው በቀበሮ ጆሮ ሆነ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንበሳ፣ እሱ ሲያልፍ ጎሽ ወሬውን እንደሚያቋርጥ አስተዋለና ምን እያወራ እንደሆነ ቀበሮን ጠየቀው። ቀበሮ ይህን ከወፏ በላይ የሚያውቅ የለም ሲል መለሰ። አንበሳ መሐላውን አስታወሰና ጥቂት አመነታ።

«እስቲ ጠይቅልኝ» አለ በመጨረሻ። «ለዚህ አንድ ነገር ብቻ።»

ቀበሮም ወፏን ጠየቀ። ጎሽ በወንዙ መታጠፊያ ከጦጣ ጋር እየተገናኘ፣ ንጉሡ ከኩሬው ጥሩውን ውኃ ቀድሞ ይጠጣና ለእኛ ጭቃውን ይተውልናል እያለ ያማ እንደነበር ቀበሮ ለአንበሳ ተናገረ። አንበሳም ምክንያቱን ሳይገልጽ ጎሽን ከኩሬው አባረረው። ሌሎቹ ነገሩን የንጉሥ ቁጣ ነው ብለው ዝም አሉ። ጎሽ ግን ያን ወሬ ሲያወራ ከጦጣና ከሁለት ወፎች በቀር ማንም እንዳልነበረ ያውቅ ነበር።

ቀበሮም አንድ ነገር ተማረ፤ መሐላው ፈርሶ ሰማይ አልወደቀም።

በዚያው ሰሞን አያ ጅቦ ክፉኛ ተራበ። አውሬው በየቤቱ ስለተከተተ በመንገድ ላይ የሚገኝ ነገር ጠፋ። ወደ ቀበሮ ሄዶ የአህያዋ ልጅ የት እንደሚያድር እንዲነግረው ለመነው።

«ብነግርህ ምን ይደርሰኛል?» አለ ቀበሮ።

ጅብ አሰበ። ማሰብ ያደክመው ነበር። «ጆሮውን» አለ።

«ጉበቱን።»

ጅብ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ጉበት ነበር። ግን ሆዱ ጮኸበትና እሺ አለ። ቀበሮም ከተናደው ቋጥኝ ጀርባ ባለው የአጋም ቁጥቋጦ ውስጥ መሆኑን ነገረው፤ ስትጠየቅ አሽትቼ አገኘሁት በል ብሎም መከረው።

አህያ ከውኃ ስትመለስ ቁጥቋጦው ተሰባብሮ፣ እሾሁ ላይ ደም ደርቆ፣ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ሰኮና ወድቃ አገኘች። ጥላዋ ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው እስኪዞር እዚያው ቆማ ቆየች። ከዚያ ወደ ሾላው ሄደች።

አንበሳ አውሬዎቹን ጠርቶ ጅብን በመካከል አቆመው። ጅብ ቁጥቋጦውን እንዴት እንዳገኘ ሲጠየቅ፣ አሽትቶ እንዳገኘው ተናገረ። አንበሳም በዚያ ቋጥኝ ሥር በየቀኑ ሲያልፍ የኖረ አፍንጫ ያን ቀን ብቻ እንዴት እንደነቃ ጠየቀው።

«ድሮማ መች ነገረኝ» አለ ጅብ።

«ማን?»

ጅብ ግራ ገብቶት ወደ ቀበሮ ዞረ። «ጉበቱን ሰጥቼሃለሁ እኮ» አለው።

አንበሳ ቀበሮን ዳግም እንዳይመለስ ከሸለቆው አስወጣው፤ ጅብንም አስገርፎ ቀን ለቀን ወደ ኩሬው እንዳይደርስ ከለከለው። በዚህም ነገሩ ያበቃ መሰለው። አውሬዎቹ ግን የሚነጋገሩት ስለ ቀበሮ አልነበረም። ጎሽ ከኩሬው የተባረረበትን ምክንያት አንድ በአንድ አወራላቸው። ቀበሮ የበላው አደራ መጀመሪያ የተነከሰው በንጉሡ ጥርስ እንደሆነ ገባቸው።

አህያ ጀርባዋን ከሾላው ግንድ ጋር አሻሸች፤ ወፏም በረረች። እሷን አይቶ ከርከሮ ጭቃ ውስጥ ተንከባለለ። ጀንበር ሳትጠልቅ በሸለቆው ውስጥ ወፍ የተሸከመ ጀርባ አልቀረም።

ሳሉ ይህን የጠበቀ ይመስል ተመለሰ። አሁን የታመመ ሁሉ ሕመሙን ይደብቅ ጀመር። ከርከሮ ሳሉ ሲመጣበት እንዳይሰማ አፍንጫውን ጭቃ ውስጥ ይቀብርና፣ ተነሥቶ ከሌላው ጋር ኩሬ ይወርድ ነበር። ብዙ አውሬ አለቀ። በመጨረሻም የአንበሳ ደቦል አሳለ።

አንበሳ ደነገጠና ወደ ኤሊ ሮጠ። ኤሊ ደቦሉን ዳሰሰና መኝታውን ከሌሎቹ እንዲለይ አዘዘ። ሌላ የሚያደርገው እንዳለ አንበሳ ሲጠይቀው ራሱን ነቀነቀ።

«የነበረን መድኃኒት መተማመን ነበር» አለ። «እሱን ደግሞ ቀበሮ ብቻውን አልበላውም።»

አንበሳ በማግስቱ ማንንም ሳያስከትል አህያ ወዳለችበት ሄደ። አህያ ስታየው አልተነሣችም። እሱም አልተቆጣም። ቀበሮ እንደተባረረ አስታወሳትና፣ አሁን ታማኝ አድማጭ መርጦ እንደሚያስቀምጥ፣ እሷ ወፍ ከተሸከመች ሌሎቹም እንደሚከተሏት ነገራት።

«ንጉሥ ሆይ» አለች አህያ፣ «ታማኝ ቢያስቀምጡም ነገ ይሞትና ሌላ ይተካል። የሁላችንን ጓዳ የሚሰማ አንድ ጆሮ ካለ፣ አንድ ቀን የሚገዛው አያጣም።»

«ደግሞም» አለች፣ «እኛ ሁላችን ስንሸከም በእርስዎ ጀርባ ላይ ወፍ አይቼ አላውቅም።»

አንበሳ ይህን ቃል ይዞ ወደ ኤሊ ተመለሰ፤ ሁለቱም ቁጭ ብለው መከሩ። ከዚያ አውሬዎቹን ሰበሰበ። ተራርቀው ቆሙ፤ ብዙዎቹም አልመጡም። አንበሳ ስለ ጎሽ የጠየቀው እሱ ራሱ እንደሆነና መሐላውን መጀመሪያ ያፈረሰው እሱ እንደነበረ በሁሉ ፊት ተናገረ፤ ጎሽንም ወደ ኩሬው መለሰው። ቀጥሎም አዲሱን ሥርዓት አስታወቀ። ወፎች ወደ ሾላው አይመጡም፤ ለንጉሥም ለኤሊም አይናገሩም። የተሸከማት አውሬ ያሳለ እንደሆነ ወፏ በዚያ ሰሞን በቅርብ ያገኘቻቸውን ባልንጀሮቿን ወፎች ፈልጋ «ተጠንቀቁ» ብቻ ትላቸዋለች፤ እነሱም ለየተሸከማቸው ይነግሩታል። ማን እንዳሳለ፣ የት እንደተገናኙ አይነገርም። ጨረቃ ስትለወጥ ያለፈው ይረሳል። የማይፈልግም አይገደድም።

ይህን ብሎ ተንበረከከ፤ አንዲት ወፍም በጋማው ላይ ተቀመጠች።

ወዲያው በግልጽ የተከተለው አልነበረም፤ ጥቂቶች ብቻ ተደብቀው ወፍ ተሸከሙ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወፏ ለራሱ ለአንበሳ «ተጠንቀቅ» አለችው። ከማን እንደመጣ ጠየቃት፤ አልነገረችውም። ደግሞ አልጠየቃትም። ጨረቃ እስክትለወጥ፣ አደኑም ሸንጎውም ቀርቶበት፣ ሚስቱ ከደጅ ጥላለት የምትሄደውን እየበላ ከዋሻው አልወጣም። አውሬዎቹ ይህን ከሩቅ ሆነው ያዩ ነበር። መጀመሪያ ጥንቸል በግልጽ ወፍ ተሸከመች። ከዚያ ጦጣ። ጎሽ ብዙ አሰበና ተሸከመ። ሁሉም አልተሸከሙም፤ የተሸከሙት ግን ሳሉን ለማዳከም በቁ። የአንበሳው ደቦል ዳነ፤ ድምፁ ግን እስከ ዕድሜው መጨረሻ እንደጎረነነ ቀረ።

ዝናብ ጣለ፣ ወንዙ ሞላ፣ አውሬው በየወንዙ ዳር ተበተነ፤ ሳሉም ጠፋ። ወፎቹ እንደ ድሮው መዥገር ወደ መልቀም ተመለሱ።

አንድ ቀን አንበሳ በለመለመው ሜዳ ሲያልፍ አህያን አገኛት። ከስታለች፤ ጆሮዋንና ሆዷን መዥገር ወሮታል። አንዲት ወፍ ወደ እሷ ስትቀርብ በጭራዋ አባረረቻት። አንበሳ ቆመና፣ ሳሉም ቀበሮም ዛሬ የሉም፣ ታዲያ ወፏ ብትለቅምልሽ ምን አለበት ሲል በለሆሳስ ጠየቃት።

«መዥገር የሚወስደው ደሜን ነው» አለች አህያ። «ልጄ የት እንደተኛ ለማንም አይነግርም።»

አንበሳ አንገቱን ደፋና መንገዱን ቀጠለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሕዝብ ለጋራ ደኅንነት ሲል ምስጢሩን በአደራ ሲሰጥ ሹሙ ከተቀበለበት ጉዳይ ውጭ ለአንዲት ነገር እንኳ ሊያውለው እንደማይገባና፣ የተበላ አደራ በሽታው ከዳነም በኋላ ሳይድን የሚቀር ቁስል እንደሚተው ነው።