በሙሉ ድምፅ

አንድ ቀን በእኛ ትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነኝ። ሰብሳቢው ርእሰ መምህራችን አቶ ሙሉሰው ናቸው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ፣ ሰውዬው ያልሞላ ነገር ሲያዩ ያማቸዋል። ሰልፉ ካልሞላ ደወል አያስደውሉም፣ ፎርም ላይ አንዲት ባዶ ቦታ ካዩ አይፈርሙም፣ ኧረ ስንቱን። ሙዚቃም አውቃለሁ ባይ ናቸው፤ በወጣትነታቸው አንድ የማርሽ ባንድ ከሚለማመድበት ግቢ ጎን ቤት ተከራይተው ኖረዋል።

የዕለቱ ጉዳይ የሙዚቃ መምህራችን የምንውየለት ባንድ ነበር። ያሉት ዘጠኝ ልጆች ናቸው። መሣሪያውም ከየትም የተለቃቀመ ነው፤ ሦስት ትራምፔት፣ ሁለት ክላርኔት፣ ሁለት ሳክስፎን፣ አንድ ትሮምቦንና አንድ ከበሮ። ታዲያ ምንውየለት ብልህ ነውና ለትልቅ ባንድ የተጻፈውን ኖታ ትቶ፣ በአራት ድምፅ ብቻ የተጻፈ መረጠ። ይህ ዓይነቱ ኖታ ይህን ክላርኔት ካልተጫወተው፣ ያንን ቱባ የሚባለው ትልቁ ጥሩምባ ካልነፋው ብሎ ሙጭጭ አይልም። አንደኛ ድምፅ፣ ሁለተኛ ድምፅ እያለ እስከ አራተኛ ይሄዳል፤ የሚደርስበት መሣሪያ ሁሉ ያነሳዋል። ቱባ ስለሌለን ወፍራሙን ድምፅ ትሮምቦኑ ይዞታል። ልጆቹ ሦስት ወር ሙሉ በምሳ ሰዓታቸው ተለማምደው፣ ወላጆቻቸውንም ጠርተው ጨርሰዋል።

አቶ ሙሉሰው ኖታውን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ሳቁ። ባንድ ማለት ሃያ አራት ሰው ነው፣ እኔ የማውቀው ይህን ነው አሉ። የጎደለ ባንድ ከሚያዋርደን መሣሪያው ስቶር ይግባ፣ ሲሟላ ይወጣል አሉ። መቼም እኛ ስቶር የገባ ነገር ሲወጣ አይተን አናውቅም። በመጨረሻም፣ «ቱባ ቱባ ባለሥልጣን ጠርቼ፣ ቱባ የሌለው ባንድ ላሰማ?» አሉ።

ከዚያ ድምፅ ስጡ ተባለ። የኮሚቴው አባላት ሰባት ነን፤ የዚያን ቀን የተገኘነው አራት። ያውም የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የተቀመጡት ምክትል ርእሰ መምህሩን ተክተው ነው፤ ምክትሉ ለቅሶ ሄደዋል። አቶ ሙሉሰው እጃቸውን አወጡ፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አወጡ፣ የስፖርት መምህሩም አወጣ። እኔም አወጣሁ። አፈርኩ፣ ግን አወጣሁ፤ የደረጃ እድገት ፎርሜ ሰውዬው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

«ጻፍ» አሉኝ አቶ ሙሉሰው፤ «ኮሚቴው ባንዱ እንዳይጫወት በሙሉ ድምፅ ወስኗል።»

ምንውየለት እስከዚያ ድረስ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። አሁን ወደ ጠረጴዛው ቀረብ አለ።

«ጋሽ ሙሉሰው፣ ሰባት አባል ያለው ኮሚቴ አራት ሆኖ፣ የምክትሉን ድምፅም ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሰጥተውላቸው ‹በሙሉ ድምፅ› ከተባለ፣ የእኔ ባንድ የቱባውን ድምፅ ትሮምቦኑ ቢሰጥለት ምኑ ጎደለ?»

መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ናቸው፤ በስተርጅና ትሮምቦን ሆንኩ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አቶ ሙሉሰው ግን ጨነቃቸው። «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን ቢያሰርዙት ውሳኔያቸው ይጎድላል፣ ቢተዉት ደግሞ ባንዱ ይሞላል። ብዕራቸውን አስቀመጡና፣ ባንዱ ይጫወት የምትሉ ብለው እንደገና እጅ አስወጡን። አሁን የእኔ እጅ ቀድሞ ወጣ፤ የሌሎቹም ተከተለ፤ መጨረሻ ላይ የሳቸውም።

«እሺ፣ ይጫወቱ ብለህ ጻፍ» አሉኝ።

«በስንት ድምፅ ልበል?» ብዬ ጠየቅኩ።

ምንውየለት ኖታውን ከጠረጴዛው ላይ እየሰበሰበ፣ «በአራት ድምፅ በል» አለኝ፤ «ሙዚቃውም እንደዚያው ነው።»