የሽንኩርቷ ባቡርና አዲሱ ደንብ

ከኤረር ድሬዳዋ ሽንኩርት የምታመላልስ አንዲት ሚጢጢ ባቡር ነበረች። ፍጥነቷን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ከሽንኩርታቸው ጋር የሚሳፈሩባት ነጋዴዎች መንገድ ላይ ወርደው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው በእግራቸው ይደርሱባታል።

አንድ ቀን አቶ ሰይፈሥላሴ የሚባሉ የፌዴራል ተቆጣጣሪ ሊመረምሯት ከነጂው ጎን ተሳፈሩ። መንገድ ላይ ባርኔጣቸው ወደቀች። ወርደው አነሡ፣ አቧራዋን አራገፉ፣ ረጋ ብለው ተራምደው ደረሱባትና ጉሮሯቸውን ጠርገው ደንቡን አነበቡ።

«ማንኛውም የጭነት ባቡር በሰዓት ከሰማንያ ኪሎ ሜትር ሲያልፍ በራሱ የሚይዝ ፍሬን ይኑረው ይላል። ያንተዋ የላትም። ዛሬውኑ አሽጋታለሁ!»

ነጂው ክው አለ። ባቡሯ ከታሸገች የኤረር ገበሬ ሽንኩርት እዚያው መበስበሱ ነው።

«ኧረ ጌታዬ፣ የእኛዋ እኮ ትንሽ ናት!»

«ደንብ ትልቅ ትንሽ አይልም!»

ነጂው ራሱን እክክ እክክ አደረገና እጅ ነሣ።

«እሺ ጌታዬ፣ ፍሬኑን እኛ አዋጥተን እንገዛለን። ሰማንያውን ኪሎ ሜትር ግን አቅማችን አይችለውምና፣ እሱን እንኳ የፌዴራል መንግሥት በጀት ይያዝልን።»

ነጋዴዎቹ በሳቅ ሽንኩርቱ ላይ ተንከባለሉ፤ አቶ ሰይፈሥላሴም ሳቃቸው አምልጧቸው ማሸጊያውን ኪሳቸው ከተቱት።