የይመኙሻል በር

ደሴ መሐል ከተማ፣ ዛሬ ባለ አራት ፎቅ ባንክ በቆመበት ቦታ፣ በጎን በኩል አንዲት ጠባብ የእንጨት በር አለች። ማንም አይገባባትም፤ ዘበኛው ግን ጠዋት ጠዋት ይከፍታትና «ግቢ» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። የይመኙሻል በር ትባላለች።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ቦታው ቀድሞ የወይዘሮ አሰገደች ግቢ ነበር። ደግ ሴት ነበሩ፣ ምላሳቸው ግን ይቀድማቸዋል፤ አንድያ ልጃቸው ይመኙሻል የታጨችለትን ባለርስት እምቢ ብላ «የሸማኔው ልጅ ካልሆነ» ባለች ጊዜ፣ «ውጪ! ሁለተኛ በዚህ በር እንዳትገቢ!» አሏት። ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና ልጅቱ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። እናት እስከ ማታ ትመለሳለች ብለው ነበር፤ ሦስት ዓመት ሆነ።

በሦስተኛው ክረምት አንዲት ጎረቤት መጥታ፣ «እትዬ አሰገደች፣ ይመኙሻልን ትናንት በርዎ ላይ አየኋት እኮ። ሕፃን አዝላ፣ ዝናብ እየመታት ቆማ ቆማ፣ ሳታንኳኳ ሄደች» አለቻቸው።

በሩ የተዘጋው ለብርዱ ነበር። ልጅቱ ይህን በምን ትወቅ? ወይዘሮ አሰገደች አምርረው አለቀሱ፤ ከዚያ ወዲህ ዝናብም ይሁን ውርጭ፣ ጎህ ሲቀድ በሩን ከፍተው «ግቢ ልጄ» ሳይሉ እህል አልቀመሱም ይባላል።

ሲያረጁ ቦታውን ለጨርቅ ነጋዴው ለሐጂ ይማም ሸጡ፤ አደራ ያሏቸው ስለ በሯ ብቻ ነው። ሐጂም «ወላሂ አልዘጋትም» ብለው ማሉ፣ ቤቱን አፍርሰው ሱቅ ሲሠሩም በሯን በቦታዋ መለሷት። ኋላ ሱቁ ተወርሶ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ሊቀመንበሩ ሌባ ታስገባለች ብሎ በጡብ ሊያስደፍናት ግንበኛ አመጣ፤ ግንበኛው ግን ታሪኳን ሲሰማ መሣሪያውን አስቀምጦ «ብትመጣስ?» አለው ይባላል። ሊቀመንበሩ ግንበኛውን አሰናበተው፤ በሯም ተረፈች።

በመጨረሻ ባንኩ ሊሠራ ሁሉም ሲፈርስ፣ ወጣቱ መሐንዲስ ቦታውን ሲጠብቁ ባረጁትና «በሯ በቦታዋ ትመለስ» ባሉት ዘበኛ ሳቀባቸው።

«አባ ሙሔ፣ ያቺ ሴት ብትኖር እኮ መቶ ዓመት አልፏታል!»

አባ ሙሔ ለዋናው መግቢያ የተጀመረውን ደረጃ ቀና ብለው አዩ።

«እንግዲያማ ደክሟታል ልጄ፤ ያን ሁሉ ደረጃ እንዴት ትውጣው?»

መሐንዲሱ ንድፉን ዘርግቶ በጎን በኩል አንዲት ጠባብ በር ጨመረ። ዛሬ በዋናው በር የሚገባ አሥራ አንድ ደረጃ ወጥቶ፣ ተፈትሾ ነው። የይመኙሻል በር ግን ከመሬት እኩል ናት፤ ደረጃ የላትም።