ምላስ የማይደርስበት ቁስል

ተረት ተረት! በሉ «የንቦች ቤት» በሉኝ።

ጭነት ጀርባውን የገጠበው አንድ አህያ ነበረ። ቁራ በየማለዳው ቁስሉ ላይ ያርፍና «አይዞህ አያ አህያ፣ እያከምኩህ ነው» እያለ በምንቃሩ ይቆፍርበታል። ቁስሉ እየሰፋ ሄደ። ጌታው አይቶ «በሁለት ሳምንት ካልዳነ ለጅብ ይለቀቅ» አለ።

አህያው ይህን ሲሰማ ቀፎ የተሰቀለበት ዋርካ ሥር ሄዶ ቆመ።

«እመቤቴ ንብ፣ ለቁስሌ ትንሽ ማር ለግሽኝ።»

ንቧ ግልፍተኛ ነበረች። «ሁላችሁም ለመድኃኒት ነው ትላላችሁ! ጦጣ እጄን እሳት ፈጀኝ ብላ ብታለቅስ ሰጠኋት፤ ቀብታው ዞር ሳልል እጇን ስትልስ አገኘኋት። ያንተስ ቁስል የት ነው?»

«ጀርባዬ ላይ ነው፤ ምላሴ አይደርስም።»

ንቧ ይህን ስትሰማ ሳቋ መጣ። ከዚያ ቀፎው በሳቅ ተናጋ፤ ማሩም ጠብ ጠብ እያለ ቁስሉ ላይ ወረደ። «በየማለዳው እየመጣህ ቁም» አለችው።

በማግስቱ ቁራ እንደ ልማዱ ሊያክም ሲመጣ ምንቃሩ ማሩ ውስጥ ተጣበቀ፤ እንደምንም ተላቅቆ ዛፍ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህም አልቀረበም።

ሁለቱ ሳምንት ሲሞላ አህያው አቧራ ላይ በጀርባው ተኛ። በጀርባው ከተኛ ስንት ጊዜው! አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ወዲያና ወዲህ ተንከባለለ።

ቁራ ከዛፉ ላይ «አያችሁልኝ? እኔ ነኝ ያከምኩት!» ብሎ ጮኸ።

አህያው ግን በሌላው ጎኑ ዞሮ እንደገና ተንከባለለ።

ተረቴን መልሱ፣ ጣታችሁን ሳትልሱ።