ረድኤት የጠበቀቻት መምህርት

አንዲት ወጣት ሴት ነበረች። ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ቆየች፤ በመጨረሻ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ጠራት። ቋሚ ቅጥር ግን አልነበረም። የሁለተኛ ክፍል መምህርት የነበረችው እታፈራሁ ታምማ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዳለች፤ እስክትመለስ በእሷ ቦታ የምታስተምር ሰው ተፈልጎ ነው።

በሌላ ሰው ቦታ መቆም ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰሌዳ ስታጠፋ፣ ልጆቹ «ቲቸር እታፈራሁ እንደሱ አታደርግም!» ይሏታል። ሒሳብ ስትጀምር፣ «ቲቸር እታፈራሁ መጀመሪያ ታስዘምረን ነበር!» ይሏታል። ምን ታድርግ?

ግን ጎበዝ ነበረች። አዲስ መዝሙር አስተማረቻቸው። በደንብ ለሠራ ልጅ እጁ ላይ ኮከብ ትስልለታለች። ልጆች ናቸውና ለመዷት። የእታፈራሁ ስም እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ፤ አንድ ቀን ጭራሽ ሳይነሳ ዋለ። እውነቱን እንነጋገር ወገኖቼ፤ ደስ አላት! ቦታው የእሷ ሆኖ እንዲቀር ትመኝ ነበር።

አንዲት ልጅ ብቻ አልሆነችላትም። ረድኤት ትባላለች። አታስቸግርም፤ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ ስትጠየቅ ትመልሳለች። ነገር ግን የእረፍት ደወል ሲደወል፣ ሌሎቹ ለጨዋታ ሲሮጡ፣ እሷ ወደ ግቢው በር ትሄዳለች። እዚያ ቆማ መንገዱን ታያለች። ሲዘንብም ከጥበቃው ቤት ጣሪያ ሥር ተጠግታ ታያለች።

አንድ ቀን መምህርቷ ተከትላት ሄደች። አጠገቧ ቁጢጥ አለችና፣

«ረድኤትዬ፣ እኔን አትወጂኝም?» አለቻት።

«እወድሻለሁ ቲቸር።»

«ታዲያ ለምን ከልጆቹ ጋር አትጫወቺም?»

«ቲቸር እታፈራሁ ስትመጣ ማንም ካልጠበቃትስ? እመለሳለሁ ብላናለች እኮ።»

«ካልተመለሰችስ?»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ደነገጠች። ልጅቷ ግን አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ግራ ገብቷት ቀና ብላ አየቻትና፣ «ብላናለች እኮ» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች።

ያን ጊዜ የመምህርቷ ልብ ውስጥ አንድ ነገር ተነካ። እሷስ ማንን እንዲህ ጠብቃ ታውቃለች? በልጅነቷ ስትጸልይ፣ «ጌታ ሆይ ናፍቀኸኛል» እያለች የምታለቅስበት ዘመን ነበር። መቼ እንደተወችው አታስታውስም። ተጣልታ አይደለም፣ ክዳም አይደለም። ለመደችው፤ ያለ እሱ መዋልን ለመደችው።

ጊዜው አለፈ። አንድ ጠዋት፣ ትምህርት በተጀመረበት ሰዓት፣ የክፍሉ በር ተከፈተ። አንዲት ሴት ገባች። ከስታለች፤ ጠጉሯ በሕመሙ ረግፎ በሻሽ ተሸፍኗል። ልጆቹ ቀና ብለው አዩዋት። «እንግዳ መጣች» ብለው ብድግ ያሉም ነበሩ። አላወቋትም! እነዚያ ስሟን ሲጠሩ ይውሉ የነበሩት አላወቋትም።

ረድኤት ግን ሴትዮዋ አንድ ቃል ሳትናገር ከመቀመጫዋ ተነሥታ ሮጠች። ወገቧ ላይ ተጠመጠመች። እታፈራሁ በቀጭን እጇ ራሷን እየዳበሰች፣

«ቆየሁብሽ የኔ ልጅ?» አለቻት።

«አዎ» አለች ረድኤት። ከዚያ አለቀሰች። ያን ሁሉ ጊዜ ያላለቀሰችውን አለቀሰች።

ተተኪዋ መምህርት ጠመኔውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሥራዋ በዚያች ሰዓት አለቀ፤ ነገ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም። ያን ቀን ግን ያሰበችው ስለ ሥራው አይደለም፤ በእታፈራሁም አልቀናችም። የቀናችው በልጅቷ ነው።

የተወደዳችሁ፣ እናንተስ? እመለሳለሁ ያለን ጌታ አለን። እስኪመጣ ድረስ ብዙ መልካም ነገር ሰጥቶናል፤ ቤት፣ ልጆች፣ አገልግሎት፣ ጥሩ መዝሙር። ሁሉም ደስ ይላል። ደስታው አይደለም ጥያቄዬ። ጥያቄዬ፣ ትናፍቁታላችሁ ወይ ነው። ወይስ ስሙ ሳይነሳ የሚውልበት ቀን በዝቷል?

አንዳንዶቻችሁ ጠብቃችሁ ደክማችኋል። «እስከ መቼ?» ብላችሁ አልቅሳችኋል። በዚያ እንባ አትፈሩ፤ የረሳ ሰው አያለቅስም። እኔ የምፈራው ሲመጣ ዓይናችን ደርቆ እንዳያገኘን ነው።

አንድ ቀን ይመጣል። ፊታችሁ ቆሞ፣ «ቆየሁባችሁ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ያን ጊዜ፣ «አዎ ጌታ ሆይ፣ በጣም ቆየህብን» የሚል ልብ ይስጠን።