ድንጋዩ ላይ የሚበተን ጨው

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ዕድሜ ልኩን ጨው ሲበላ የኖረ፣ ጨዉን የሚያመጡለትን ሰዎች ግን አንድም ቀን ፊታቸውን ያላየ።

ዘሀራ፣ ጥያቄሽን ዘልዬው አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የእስያን ሕዝቦች ቋንቋ፣ ባህል፣ ሃይማኖትና ፍልስፍና ልትማሪ አስበሻል። አባትሽ «ቻይናው መንገድ ሊሠራ መጥቶ አማርኛ ለምዶልናል፤ አንቺን ምን አለፋሽ?» ይልሻል። አንቺን የሚያስፈራሽ ግን ሌላ ነው። «ሸሆዬ፣ የሰው ሃይማኖት ስማር የራሴ ይጠፋኝ ይሆን?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ቁርአን ያስቀራሁሽ እኔ ነኝና ጥያቄውን ወደ እኔ ማምጣትሽ ደግ አደረግሽ። እንግዲህ ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝ።

ገበሬው ደገኛ ነው። ጨው የሚያመጡት ደግሞ ቆለኞች ናቸው። በሁለቱ አገር መካከል፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ደገኞቹ ገብሳቸውን ድንጋዩ ሥር ያስቀምጡና ከበሮ መትተው ከጉብታው ጀርባ ይሸሸጋሉ። ቆለኞቹ መጥተው ከገብሱ ጎን ጨው ያስቀምጣሉ፤ እነሱም ዞር ይላሉ። ደገኞቹ ጨዉ ከበቃቸው ያነሱታል፤ ካነሰባቸው ሳይነኩት እስኪጨመር ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ቆለኞቹ ተመልሰው ገብሱን ይወስዳሉ። አንዲት ቃል አይነጋገሩም። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እንዲህ ኖሩ። ደገኞቹማ «ከቆለኞቹ ጋር እንተዋወቃለን» እያሉ ይኮሩ ነበር። የሚያውቁት መሬት ላይ የቀረ የእግራቸውን ዱካ ነው። ምን መተዋወቅ ነው!

አንድ ነገር ግን ያንገበግባቸው ነበር። ቆለኞቹ ጨዋቸውን ሲያስቀምጡ አንድ እፍኝ ዘግነው ድንጋዩ ላይ ይበትናሉ። ጨው የወደቀበት መሬት ሣር አያበቅልም። ደገኞቹ የተበተነውን ጨው አይተው «ይረግሙናል» አሉ። ስለዚህ ጨዉን ባነሱ ቁጥር እርግማኑን ለማስለቀቅ ድንጋዩን ያጥቡታል። በቅል ውሃ ይዞ የሚያጥበው የገበሬው አባት ነው፤ የመንደሩ ሽማግሌ እሱ ነበርና።

አንድ ዓመት ከበሮው ተመታ፣ ቆለኛ አልመጣም። ደግሞ ተመታ፤ ማንም የለም። ገብሱን ወፍ ጨረሰው። ከብቶቹ ጨው ቢያምራቸው ግድግዳ መላስ ጀመሩ፤ ወተታቸውም ነጠፈ። የገበሬው ላም ላቡን ፍለጋ መዳፉን ትልስ ነበር። ጎረምሶቹ ጦራቸውን ሳሉና «ወርደን በጉልበት እናመጣለን» አሉ። ገበሬው ግን «መጀመሪያ ለምን እንደቀሩ እንጠይቃቸው» አለ።

«በምን አፍ?» ብለው ሳቁበት።

«ወርጄ እማራለሁ» አለ።

ጎረምሶቹ እያጉረመረሙም ቢሆን አዲሱ ገብስ እስኪታጨድ ሊጠብቁት ተስማሙ። የከፋው የአባቱ ነገር ነው። «ከእነሱ ጋር በልተህ፣ ጸሎታቸውን ሰምተህ ከመጣህ ሌላ ሰው ነህ። ልጄ ብዬ አልጠራህም» አለው። ገበሬው አባቱን ይወድ ነበርና አለቀሰ። እያለቀሰ ወረደ።

ቆላ ደርሶ ምን ሆነ መሰለሽ? ማሳ የሚያርስ ትልቅ ሰውዬ ውሃ ለመለመን ምላሱ ተሳሰረ። ሕፃናት ከኋላው እየተከተሉ አነጋገሩን ያስመስሉ ነበር። አልተመለሰም። ዛሬ የሳቁበትን ቃል በማግስቱ አስተካክሎ እየተናገረ ሰነበተ።

በየማለዳው ግን ወደ አገሩ ተራራ ዞሮ የራሱን ጸሎት ይጸልያል። ያስጠጉት አሮጊት አንድ ቀን «ይህን ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብለው ጠየቁት። ገበሬው ጸሎቱን ራሱን ደገመላቸው እንጂ ትርጉሙን መንገር አቃተው። ቋንቋው አጥሮት አልነበረም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲለው የኖረውን ጸሎት ምን እንደሚል አስቦበት አያውቅም ነበር። ይጠፋበታል ተብሎ የተፈራለትን ነገር ገና በቅጡ አልያዘውም ነበር። ደነገጠ። ቁጭ ብሎ እያንዳንዷን ቃል ሲመረምር ሰነበተና ለአሮጊቷ አስረዳቸው። ከዚያ በኋላ ሲጸልይ ድምፁ ራሱ ተለወጠ ይባላል።

በተራው እሱ ጠየቃቸው፤ «ጨዉን ለምን ትበትኑታላችሁ?»

«ፊቱን ላላየነው ጎረቤታችን የምንመርቅበት ነው» አሉት። «ከብትህ ይርባ፣ ቤትህ ሰላም ይሁን እንላለን። እናንተ ግን ሁልጊዜ ታጥቡታላችሁ። እኛ ያረጀነው ቻልነው። ልጆቻችን ግን ምርቃታችንን ከሚጸየፍ ሰው ጋር ምን አገናኘን አሉ። ቀረን።»

ገበሬው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ደገኞቹ ምን መስሏቸው እንደሚያጥቡ ሲነግራቸው አሮጊቷ እስኪያለቅሱ ሳቁ።

ገብሱ ታጨደ፤ ከበሮው ተመታ። ጎረምሶቹ ጦር ጨብጠው ከጉብታው ጀርባ አደፈጡ። ገበሬው አሮጊቷንና ጥቂት ቆለኞችን ይዞ አቀበቱን ወጣ። ጨዉን አስቀመጠ። አንድ እፍኝ ዘግኖ እየበተነ በቆለኞቹ ቋንቋ መረቀ፤ ቀጥሎ ያንኑ በአባቱ ቋንቋ ጮክ ብሎ ደገመው፤ «ከብትህ ይርባ፣ ቤትህ ሰላም ይሁን!»

አባቱ ቅሉን እንደያዘ ከጉብታው ጀርባ ወጣ። ድንጋዩ አጠገብ ሲደርስ ሰው ሁሉ እጁን እጁን አየ። ሽማግሌው የተበተነውን ጨው አየ፣ ልጁን አየ፣ አቀበቱ ያደከማቸውን አሮጊት አየ። ከዚያ ቅሉን በሁለት እጁ ለአሮጊቷ ዘረጋላቸው። ወደ ገበሬውም ዞሮ «ልጄ፣ በእነሱ ቋንቋ ‹ጠጡ› እንዴት ይባላል?» አለ።

እንግዲህ ዘሀራ፣ ገበሬው አንቺ ነሽ። ስልክሽ ከእስያ ሰዎች ነው፣ የለበስሽውም ከእነሱ ነው፤ ሰሊጣችንን እንሰጣቸዋለን፣ መንገዱን ያነጥፉልናል። ዕቃ አስቀምጠን ዕቃ እናነሳለን። ምን እያሉ እንደሚጸልዩ፣ ሙታቸውን ምን ብለው እንደሚሸኙ አናውቅም። አባትሽ ቻይናው አማርኛ ለምዷል ካለ እሰየው፤ ሰውዬው ወደ ድንጋዩ መጥቷል ማለት ነው። እኛ ነን ከጉብታው ጀርባ ያለነው።

ስለ ሃይማኖትሽም፣ አንድ ቀን አብሮሽ የሚማር ሰው «ስትሰግጂ ምን ትያለሽ?» ይልሻል። መልስ ካጣሽ አትሽሺ፤ ወደ እኔ ነይ። እኔም ካጣሁ አብረን ኪታብ እንገልጣለን። ይህን ፈርተሽ እንዳትቀሪ።

በይ ተነሺ፣ ምዝገባው ሳያልፍሽ ሂጂ። አባትሽን እኔ አናግረዋለሁ። ከምትማሪው ሁሉ ግን የመጀመሪያዋን ቃል ለእሱ አስተምሪው፤ ቅሉን የያዘው እሱ ነው።